የኩሽናው ቢጫ አምፖል

ውድ እታለም፣

ናፍቆቴ ቀድሞኝ ካለሽበት ይድረስ። እኛ ደህና ነን። እማዬ "ጉልበቴን" እያለች ሁላችንንም ትቆጣለች፤ ስለዚህ እሷም ደህና ናት ማለት ነው።

የሰፈራችንን ጉድጓድ ውሃ አሁን በየተራ የምንመረምረው እኛው ነዋሪዎቹ ነን። መመርመሪያዋን ወረቀት ውሃው ውስጥ ነከር ማድረግ ነው፤ ነጭ እንደሆነች ከቀረች ይጠጣል፣ ወደ ሮዝ ካደላች አይጠጣም፤ ለሕፃን ደግሞ ይብሱን መርዝ ነው ተብለናል። ቀለሟን ደጅ፣ በቀን ብርሃን እዩ ተብለናል። ባለፈው ሳምንት ተራዬ ደርሶ፣ ዝናቡ አላስወጣ ቢለኝ ኩሽና ውስጥ አየኋት። ያንን ቢጫ አምፖል ታውቂው የለ? ሁሉንም ነገር አንድ መልክ ነው የሚያደርገው። አሁን በነጭ ቀይሬዋለሁ። ብቻ ያን ቀን ለጎረቤቶቹ "ንጹሕ ነው" አልኳቸው። "አንቺ ካልሽ አለቀ" አሉኝ።

የጎረቤታችን የአናጢው ሚስት ወልዳለች። ጡቷ አልበቃ ብሎ፣ ለሕፃኑ የዱቄት ወተት በጉድጓዱ ውሃ ትበጠብጥለታለች። ሰሞኑን ከንፈሩ ጠቆር ብሏል። ብርድ ነው ይላሉ፤ እኔም ብርድ ነው ብያለሁ። ጠዋት ጠዋት ግን ከላይኛው ሰፈር ቧንቧ አንድ ጀሪካን ቀድቼ አደርስላታለሁ። እጄን ይዛ ስትመርቀኝ መሬት መሬት አያለሁ። እማዬ ደግሞ "ውሃ ደጃችን እያለ ምን ሆነሽ ነው?" ትለኛለች። እግሬን ላፍታታ ብዬ ነው አልኳት።

ነገ የመመርመር ተራው የአናጢው ነው። ሰማዩም ጠርቷል።

እማዬ ዓይንሽን ትስማለች። ለጉልበቷ ጸልዪላት፤ እግረ መንገድሽን ለእኔም።

ታናሽሽ