ያላነበብኩላቸው ማመልከቻ

ነቀምቴ፣ ጥቅምት 14 ቀን 1958 ዓ.ም.

ውድ ጋሼ ሞረዳ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ከግምቢ የላኩት ደብዳቤ ደርሶኛል። ልጅዎ ቀለሟ ማመልከቻ መጻፍ ልትማር እኔ ዘንድ እንደምትመጣ ነግረውኛል። ከዚያ በፊት ግን ሃያ ዓመት በዚህ ሥራ ያቆየኝ ጠባይ ምን እንደሆነ እንድጽፍላት ጠይቀውኛል። ምነው ሌላ ነገር በጠየቁኝ!

ትዕግሥት ነው ልል ነበር። ምስጢር መጠበቅ ነው፣ ሰው እያለቀሰ የሚለውን ዳኛ በሚገባው አማርኛ ማስቀመጥ ነው ልል ነበር። ውሸትም አይደለም፤ ሁሉንም ከእርስዎ ተምሬዋለሁ። ፍርድ ቤቱ አጥር ሥር አብረን ስንቀመጥ ግን አንድ ሕግ ነበረዎ፤ ጽፈው ሲጨርሱ ለባለጉዳዩ በኦሮምኛ መልሰው ያነቡለታል። «አዎ፣ የኔ ቃል ነው» ካላለ ወረቀቱን ቀደው እንደገና ይጽፋሉ። አንድ ቀን ለአንዲት አሮጊት አራት ጊዜ ቀደው ሲጽፉ «እኚህ ሰውዬ ጤናም የላቸው» ብዬ በሆዴ አምቻለሁ። ይቅር ይበሉኝ።

እርስዎ ከሄዱ በኋላ፣ ከሦስት ዓመት በፊት፣ ኦቦ ዋጋሪ የሚባሉ ሽማግሌ ገበሬ ከጉቴ መጡ። «መሬቱ የአባቴ ነው። የባላባቱ ልጅ ጭሰኛዬ ነህ ብሎ እህሌን ይካፈለኛል። ይተወኝ፤ ሌላ ነገር የለኝም» አሉኝ። እኔ ደግሞ ያኔ ዳኞች ሳይቀሩ ጽሑፌን የሚያመሰግኑልኝ ሰው ነበርኩ፤ «ይተወኝ» የሚለው ደረቅ መሰለኝ። የዳኛው ልብ ይራራ ብዬ «በጌታዬ መሬት ላይ በጭሰኝነት የምኖር ደካማ ገበሬ ስለሆንኩ ይታዘንልኝ» ብዬ አሳመርኩት። የገበያ ቀን ነበር፤ ሰው ተሰልፎ ይጠብቀኛል። ሳላነብላቸው ጣታቸውን ቀለም አስነክቼ አስፈረምኳቸው።

ዳኛው ያችኑ መስመር አነበቡ። «በገዛ አሻራህ ጭሰኛ ነኝ ብለህ የለም እንዴ? ታዲያ ምን ቀረህ?» አሉ። አስተርጓሚው ሲነግራቸው ኦቦ ዋጋሪ ዞር ብለው እኔን አዩኝ። ዳኛው ተሳስተው ያነበቡ መስሏቸው፣ እንዳስተካክልላቸው ነው። እኔ አቀርቅሬ ወረቀቶቼን መሰብሰብ ጀመርኩ።

መሬቱ ሄደ። ይግባኙም ወደቀ። አሁን እህታቸው ቤት ተጠግተው ነው የሚኖሩት።

የሚብሰው ደግሞ እኔን አለመጠርጠራቸው ነው! «ዳኛው ጨከነብኝ፤ አንተ ግን ለፍተህልኛል» ይሉኛል። በየወሩ መጥተው ሌላ ማመልከቻ ጻፍልኝ ይላሉ፤ ምንም እንደማይፈይድ እያወቅሁ እጽፋለሁ። ሲሄዱ «ዋቅኒ ሲ ሃ ኤቢሱ፣ ልጄ» ብለው ይመርቁኛል። አሜን እላለሁ። ጋሼ፣ አፌን ሞልቼ አሜን እላለሁ! እንግዲህ ያቆየኝ ጠባይ ይኸው ነው። እባክዎ ቀለሟን አይላኩብኝ።

የዚያ ማመልከቻ ግልባጭ መሳቢያዬ ውስጥ አለ። ኦቦ ዋጋሪ የፊታችን ቅዳሜ ይመጣሉ። አስቀምጫቸው፣ እርስዎ እንዳስተማሩኝ፣ ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው በኦሮምኛ አነብላቸዋለሁ። መሬታቸውን አይመልስላቸውም። ወሬው ከተሰማ ወዲያ እኔም ዘንድ የሚመጣ ባለጉዳይ አይኖርም። ብቻ ስጨርስ «የእርስዎ ቃል ነው?» ብዬ እጠይቃቸዋለሁ።

ያስተማሩትን ያባከነ ተማሪዎ፣
ዘነበ