አባትህ ጋዜጣ አነበበ

ውድ ልጄ፣ የረገጥከው ይለስልስልህ፣ የያዝከው ይባረክልህ። እኛ ደህና ነን። (እማዬ እየተናገረች የምጽፈው እኔ ታናሽ እህትህ ነኝ። በቅንፍ ያለው የኔ ነው፤ እሷ አታውቅም።)

እንዳትጨነቅ ብዬ የደበቅኩህ ነገር ነበር። አባትህ ማንበብ አቁሞ ነበር። ጋዜጣውን ያገላብጥና "ዛሬ ወሬ የለም" ብሎ ያስቀምጠዋል። ዓይኑ ሊጠፋ ነው ብዬ እንቅልፍ አጣሁ። (አንድ ቀንማ ዘቅዝቆ ነበር የያዘው።)

በግድ ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። ሐኪሙ መርምሮት "ዓይንዎ ለዕድሜዎ ደህና ነው፤ ይልቅ የት ሆነው ነው የሚያነቡት?" አለው። ሳሎን ነዋ! በጎልማሳነቱ ግድግዳውን ሁሉ በጥቁር ቡኒ ጣውላ የለበጠው፣ በቀን እንኳ የሚጨልመው ሳሎን። (የምንኖረው ቁም ሣጥን ውስጥ ነው።) አፍርሰን እንዳንሠራው ኪሳችን አይችልም፤ ስለዚህ በብርጭቆ ወረቀት አሽተን፣ ስንጥቁን በስቱኮ ደፍነን፣ ነጭ ልንቀባው ተነሣን። አባትህ "እንጨት ይወለወላል እንጂ ይቀባል?" ብሎ አኮረፈ። ጥቂት አይቶኝ ግን ብሩሹን ነጠቀኝ፤ "አንቺ ሴትዮ፣ ጣውላ እየቀባሽ ነው ወይስ ልጅ እያጠብሽ?" (አሁን ሐሳቡ የኔ ነበር እያለ ለጎረቤት ያወራል።)

ዛሬ ጠዋት ነጭ በሆነው ሳሎን ከወንበሩ ሳይነሣ ጋዜጣውን ጮክ ብሎ አነበበልኝ፤ ማስታወቂያውን ሳይቀር። ተመስገን፣ ልቤ አረፈ።

አንድ ነገር ልለምንህ። እስካሁን ደብዳቤህን የምታነብለት እህትህ ነበረች። (የራሴን እየጨመርኩ። "ለእህቴ ስልክ ግዙላት" ያልከው አንተ አይደለህም።) የሚቀጥለውን በእሱ ስም ጻፍለት፤ ራሱ ይክፈተው፣ ራሱ ያንብበው።

ደግ ሰው አይለይህ፣ ልጄ።

እናትህ