ባሕር የተሻገረ ወንፈል

ታኅሣሥ 6፣ ዳንግላ

ዛሬም ከማስተምርበት ት/ቤት እንደወጣሁ በቀጥታ ወደ ገብስ ክምሬ። ሰማዩ ያጉረመርማል። በታኅሣሥ! ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ ወንፈል የምመልስበት ጉልበት ከቤቴ ጠፍቷል፤ የሰው አውድማ ሄዶ ያልወቃ ደግሞ ተራው መጨረሻ ነው። ዝናቡ ተራ አይጠብቅ። ገብሱ ከበሰበሰ እኔና እናቴ ምን ልንበላ ነው? አንቺ ማስታወሻዬ፣ እስቲ ምከሪኝ።

ታኅሣሥ 7

ጉድ ስሚ። እርሻ ጽ/ቤት የመውቂያ መኪና መጣ። ከሆላንድ። ሁለቱ መንግሥታት በሥራ ሊረዳዱ ተስማምተው ነው አሉ። ባለሙያው ፒተር ይባላል፣ ቁመቱ ሸንበቆ። የት/ቤት እንግሊዝኛዬን አቧራውን አራግፌ አዋራሁት። ነገ ያንቺን እንወቃለን አለኝ። እልል ልል ምንም አልቀረኝ።

ታኅሣሥ 8

ክው አልኩ። የወንፈላችን አውራ አያ ዘለቀ መኪናው አውድማ አይገባም አሉ። ሆላንድ ለኛ ከወቃች እኛም ሄደን ልንወቃላት ነው፤ በቅሎ ደግሞ ባሕር አትሻገር። በነጻ እኮ ነው ብላቸው፣ “እሱማ የባሰ ነው፣ የሺ ልጄ። በነጻ የሚሠራ ወይ ሞኝ ነው ወይ መሬት ፈላጊ።” ሰዉ ሳቀ። እኔን ሳቅ የት አባቱ። እምቢ ብዬ ባስወቃ ከወንፈሉ መውጣቴ ነው፤ ከርሞ ማን ያርስልኛል? ከሰዓት አካፋ። ባገኘሁት ቁርበት ሁሉ ክምሩን ሸፈንኩ።

ታኅሣሥ 9

ፒተርን ጠየቅሁት፤ ለመሆኑ አገርህ ከኛ ምን ታገኛለች? ኑግ አለኝ። ለዘይት? አይ፣ ለወፍ። ደግሜ ጠየቅሁት። ወፍ ነው። እናቱ በሽቦ ቤት የምታኖራት ቢጫ ወፍ ቀለቧ የኛ ኑግ። እኛ በወንጭፍ ወፍ ከኑጉ ስናባርር!

ሮጬ ለአያ ዘለቀ። የወፍ ቀለብ የማያበቅል አገር ብለው አዘኑላቸው፣ የእውነት። ከዚያ ፈረዱ፦ ኑጉን አርሰን አርመን የላክንላቸው እኛ ነን፤ እነሱ ብረቱን ያውቃሉ፣ እኛ አፈሩን። ቀድመን ሠርተንላቸዋል፣ ይምጣና ወንፈሉን ይመልስ።

ታኅሣሥ 10፣ ከቀትር በኋላ

ክምሩ የለም። ጠዋት የጀመረ መኪና ለምሳ ሳንቀመጥ ጨረሰው። በበሬ ቢሆን ሳምንት አይበቃው። በሬዎቹ ሥራ ፈተው ቆመው ያያሉ። ፒተርን እንደ ወንፈልተኛ ጠላውን አስጨለጡት፣ ትን አለው።

ቀጥሎ ሌላ ድንጋጤ። አያ ዘለቀ ሥራ የፈቱት በሬዎች ጦሙን ያደረውን መሬትሽን ይረሱልሽ አሉኝ። በምን እመልሳለሁ ብላቸው፣ በምላስሽ አሉ። መኪናው በየአውድማው ሲዞር ፈረንጁን ማን ያስተረጉምልናል፣ አንቺን እንደሆን ወሬ አይታክትሽ። ስንት ዘመን በዚሁ ምላሴ ስታማ!

ወሰንኩ። ነገ ዳይሬክተሩን ፈቃድ እጠይቃለሁ፤ ከሰዓት ከሰዓት ከመኪናው ጋር ነኝ። እኔም ወንፈል ወጪ ልሆን ነው።