የእናቴ ጧፍ ዛጎርስክ ደረሰ

እሑድ፣ ጥር 5 ቀን 1977፣ ሞስኮ

ቫሊያን ላንቃት ምንም አልቀረኝም። አንድ ክፍል መኖር ከጀመርን ዓመት አልፎናል። የሥላሴ ገዳም በባቡር አንድ ሰዓት ተኩል ብቻ እንደሚርቅ ግን ዛሬ ሾርባዋን እየጠጣች እንደ ዋዛ ነገረችኝ። ከተማው ዛጎርስክ ይባላል። ከስድስት መቶ ዓመት በላይ የሆነው ገዳም ነው፣ አሁንም መነኮሳት አሉበት፣ ይቀደስበታል። «አያቴ በየዓመቱ ትሄዳለች» አለችኝ። ታዲያ እስከ ዛሬ ምን ዘጋሽ?

እኔ የእናቴን ጧፍ ሻንጣዬ ውስጥ ይዤ ተቀምጫለሁ። ካላዛር ይዞኝ ሆዴ አብጦ፣ ከኮኪት በሰሊጥ መኪና ተጭኜ ጎንደር ሆስፒታል የገባሁ ጊዜ፣ እናቴ «ልጄ ከዳነችልኝ በገዛ እጇ ጧፍ ታበራለች» ብላ ለሥላሴ ተሳለች። ዳንሁ። ስለቱ ሳይገባ ግን የትምህርት ዕድሉ መጣና በጥድፊያ ወጣሁ። ጧፉን በአሮጌ የሱዳን ቶብ ጨርቅ ጠቅልላ ሰጠችኝ። «የምትሄጅበት አገርም የሥላሴ ደጅ አይጠፋም፤ ፈልገሽ አብሪው። ስለት ተሸክመሽ አትኑሪ አንች ልጅ» አለችኝ።

ማክሰኞ ጥር ሥላሴ ነው። ፈተናዬ ሐሙስ ስለሆነ ማክሰኞ ቀኑ የራሴ ነው። ከሰዓት በኋላ ግን የእኛ የኢትዮጵያውያን ተማሪዎች የውይይት ክበብ አለ። በዚያ ላይ ከሞስኮ ለመውጣት ፈቃድ ያስፈልጋል። «ለምን ትሄጃለሽ?» ቢሉኝ ምን እላለሁ? ጧፍ ላበራ?

ሰኞ፣ ጥር 6

ሌሊቱን አልተኛሁም። ያ አምና የተመለሰው ልጅ ፊቴ ላይ እየመጣ። አንገቱ ላይ መስቀል ተገኘበት ተብሎ ሦስት ስብሰባ ሙሉ ገመገሙት፤ ሂስ፣ ግለሂስ፣ እንደገና ሂስ። ከዚያ ዲግሪውን ሳይጨርስ ወደ አገር ቤት ተላከ። ውሳኔውን ቆሞ ያነበበው የክበባችን ሰብሳቢ ጓድ ሰይፉ ነው። የጎጃም ሰው ነው፣ አራተኛ ዓመት፣ ሲስቅ አይቼው አላውቅም። በኮሪደር ሲመጣ መሐረቤን አስተካክላለሁ፤ ለምን እንደሆነ እንጃ።

እኔ ከተመለስሁ አለቀልኝ። አባቴ ትራክተር ቀርቶ ጥማድ በሬ የሌለው ሰው ነው። ኮኪት ሙሉ «የገብሬ ልጅ የእርሻ መኪና መሐንዲስ ልትሆን ነው» እያለ ነው የሚጠብቀኝ።

ማታ። በሩ ላይ ማስታወቂያ ተለጥፏል፦ የነገው ውይይት በሰብሳቢው ሕመም ምክንያት ወደ ዓርብ ተዛውሯል። የክበባችን አባል ግርማ «ጓድ ሰይፉን ሆዱን አሞታል» አለን። በሰው ሕመም ደስ አለኝ። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

እሄዳለሁ። ጧፍ፣ ክብሪት፣ ነጠላ ከካፖርቱ ሥር። ቁርስ የለም፤ ሳልቀምስ ነው የምገባው።

ማክሰኞ፣ ጥር 7

በሥርዓት ልጻፈው።

ባቡሩ ውስጥ ማንም አላየኝም፤ ወይም ሁሉም አየኝ፤ ጥቁር ሰው ምኑ ይደበቃል? ዛጎርስክ ስደርስ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ነጭ ግንብ፣ ከላዩ የወርቅና የሰማያዊ ጉልላት፣ ሰማያዊው ላይ ኮከብ ተነጥፎበታል። ዳቦ የያዙ አሮጊቶችን ተከትዬ ገባሁ። ግቢው ውስጥ ከሚፈልቀው ውኃ ጠጣሁ፤ ጸበል ነው ሲሉኝ ፊቴንም ታጠብሁበት፣ ቅንድቤ ላይ በረዶ ሠራ። ርግብ የሚያበሉ ልጆች አየሁ። ለአንድ ሰዓት ያህል ምንም ሳልፈራ ዞርሁ። ከመጣሁ ጀምሮ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

የሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ትንሽ ናት። በሩ ላይ ቦት ጫማዬን አውልቄ ከግድግዳው ጥግ አስቀመጥሁና ገባሁ። ሳላስበው ነው ያደረግሁት፤ ጫማ አድርጎ ቤተ መቅደስ የሚገባ ሰው እኮ አይቼ አላውቅም። ሚያዝያ ላይ ኮኪት መሬቱ ባዶ እግር ያቃጥላል፤ የዚያም ወለል ድንጋይ በብርዱ እንደዚያው ያቃጥላል። ከገባሁ በኋላ ዞር ብዬ ባይ ሰው ሁሉ ጫማውን እንዳደረገ ነው። አንዲት አሮጊት እግሬን አይታ አማተበች። አፈርሁ፤ ግን ወጥቼ ማጥለቁ ይባስ አሳፈረኝ።

ጧፉ ከእነሱ ሻማ ይልቅ ለስላሳ ስለሆነ አልቆም አለ። ያችው አሮጊት ወስዳ ከሁለት ሻማ መካከል አስደግፋ አቆመችልኝ። በራ። «እናቴ፣ አበራሁት» አልሁ በአማርኛ፣ ጮክ ብዬ። አለቀስሁ።

ስወጣ ቦት ጫማዬ ካስቀመጥሁበት አለ። ከጎኑ ግን ሌላ ጫማ አለ። የወንድ፣ ጥቁር፣ ማሰሪያው ወደ ውስጥ የተከተተ።

እዚህ አገር ጫማውን በር ላይ አውልቆ የሚገባ ማን ነው? ካገሬ ሰው በቀር ማንም የለም። ቦት ጫማዬን ላጠልቅ እታገላለሁ፣ እግሬ ደንዝዞ አልገባ አለኝ። በሩ ተከፈተ። ጓድ ሰይፉ፣ በካልሲ። የቀኝ አውራ ጣቱ በቀዳዳው ወጥቷል።

ተያየን። አፌ ያመጣልኝ «ሆድህን ተሻለህ?» የሚል ነው።

«ተሻለኝ» አለ። ጫማውን አጠለቀ፣ ማሰሪያውን ሳያስር። «በተለያየ ፉርጎ እንሳፈር» ብሎኝ ሄደ።

ረቡዕ፣ ጥር 8

ለፈተና ማጥናት አልሆነልኝም። የናፍጣ ሞተር ላነብ ቁጭ እላለሁ፣ የሚታየኝ ካልሲ ነው።

ቀን ሳስበው ያስቀኛል። ሲመሽ ግን ሌላ ሐሳብ መጣብኝ። እኔ እሱን እንደፈራሁት እሱም እኔን ፈርቶ ይሆናል። የፈራ ሰው ደግሞ ቀድሞ ይመታል። «ትርንጎን ስከታተል ነበር፣ ቤተ ክርስቲያን ገብታ አገኘኋት» ቢል ማን ያምነኛል? በመመገቢያ አዳራሹ አጠገቤ አለፈ፣ ቀና ብሎ አላየኝም።

ዓርብ፣ ጥር 10

ዛሬ ከተራ ነው። እኛ አገር በዚህ ሰዓት ታቦቱ ወደ ወንዝ ወርዷል። እኛ እዚህ ስብሰባ ተቀምጠናል።

ግርማ እጁን አወጣ። «ጓድ ትርንጎ ማክሰኞ ከማለዳ እስከ ማታ አልነበረችም። ባቡር ጣቢያ ታይታለች። የት እንደነበረች ለቤቱ ታስረዳ።» ሁሉም ዞሮ አየኝ። ተነሣሁ።

ሰይፉ ከሰብሳቢው ወንበር ብድግ አለ። «ከእኔ ጋር ነበረች» አለ።

«አንተ አሞህ አልነበረም ወይ?» አለ ግርማ።

«ዋሽቼያችሁ ነው። የቆየ ከተማ ልናይ ሄድን። ፈቃድ ሳልጠይቅ የወሰድኋት እኔ ነኝ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ግለሂስ አደርጋለሁ።»

ከኋላ አንዱ ፍርፍር ብሎ ሳቀ። ከዚያ ሁሉም። እንዲህ ነው ለካ የተረዱት፤ ሴቶቹ ጎሸም ያደርጉኛል፣ ግርማ እንኳ ጥርሱን መሰብሰብ አቃተው። ለሰይፉ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠው፤ እኔ በቃል ተመከርሁና ተቀመጥሁ። ወደ አገር ቤት የምመለሰው ዲግሪዬን ይዤ ነው እንግዲህ። ወዳጁ ነች ካሉም ይበሉ።

ደረጃው ላይ ጠብቆኝ አገኘሁት። «ያን ጊዜ የዚያን ልጅ ውሳኔ አንብበሃል» አልሁት፤ ምስጋና ላቀርብ ነበር፣ ይህ ቀድሞ ወጣ። «አንብቤያለሁ» አለ። ዓይኑ ቀላ።

«ያንች ስለት ደርሶልሽ ነው?» አለኝ።

«አዎ። ድኜ ነው።»

«የኔ ገና ነው። ታናሽ ወንድሜ ዘምቶ ወሬው ጠፍቷል። እስኪመጣ ድረስ እመላለሳለሁ።»

የማስጠንቀቂያው ቀለም ኪሱ ውስጥ ሳይደርቅ ይህን ይላል። ጅል ነው አልሁ በሆዴ። ከዚያ ግን፣ ማን እንዳስባለኝ አላውቅም፣ «ብቻህን አትሂድ» አልሁት።