የሻገተው በርበሬ

ቅዳሜ፣ ኅዳር 20፣ የካ አባዶ

ዛሬ ኮንዶሚኒየሙ ግቢ ከአማቴ ጋር በርበሬ ስንቀነጥስ ተጣላን። ውስጡ የሻገተውን እየለየሁ ስጥል፣ «ፀሐይ ይምታው እንጂ! ሲፈጭ ማን ያየዋል?» አሉኝ።

«ቢደርቅም ቢፈጭም መርዙ አይጠፋም፣ እማዬ።»

«እኛ ስንበላው ኖረን ምን ሆንን? ጥጋብ ነው!»

ቤት ገብቼ ዕቃ አጥቤ እጣቢውን ይዤ ስመለስ የጣልኩትን ለቅመው ከደህናው ሊቀላቅሉ በነጠላቸው ቋጥረውታል። ተቀብዬ ዘረገፍኩትና እጣቢውን ደፋሁበት። ጎረቤቶቻችን አፋቸውን ያዙ።

ጥጋበኛም ይበሉኝ፣ ባለጌም ይበሉኝ። ልጄ ወጥ መቅመስ የጀመረችው ገና አሁን ነው። ነገ ጉልበታቸውን ስሜ ይቅርታ እጠይቃቸዋለሁ፤ አማቴ ናቸው። ሰኞ ወፍጮ ቤት ስንሄድ ግን የበርበሬው ከረጢት ከእጄ አይወጣም።