ከትምህርት ቤቱ በር ስለተነሣው ሲጋራና አብራ ስለተነሣችው ድንቅቱ

ለከተማችን የንግድ ቁጥጥር ክቡር ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? የሱሉልታ ብርድ እንዳልደፈረዎት፣ በታኅሣሡ የተማሪዎች ግርግር ከመኪናዎ መስታወት በቀር አንዳች እንዳልተሰበረብዎት፣ እሱም በማግሥቱ እንደተተካልዎት ሰምቼ ተመስገን ብያለሁ። እኔ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ የምኖር፣ ላም አልቤ የማድር ስንዱ ቱፋ ነኝ። ምናልባት ያስታውሱኝ እንደሆነ፣ ሲጋራ በትምህርት ቤት አካባቢ እንዳይሸጥ ብዬ ያመለከትኩት ሴትዮ ነኝ።

ባለቤቴ ዱባለ ከገላን ዕቃ የሚያመላልስ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። ሳንባው አልቆ አልጋ ላይ በዋለበት ሰሞን፣ «የመጀመሪያዋን ፍሬ ሲጋራ የገዛሁት ለደብተር በተሰጠኝ ሳንቲም፣ ከትምህርት ቤታችን በር ላይ ነው» አለኝ። ከቀብሩ እንደተመለስን ጎረቤቴ ድንቅቱ እጄን ይዛ አለቀሰች። የአባቷ መሬት ለባለሀብት ታጥሮ ከተወሰደ ወዲህ፣ ከትምህርት ቤቱ በር ፊት ለፊት በቆርቆሮ በሠራቻት ሱቅ እስክሪብቶ፣ ዳቦና ሲጋራ እየሸጠች ነበር የምትኖረው።

«ስንዱ ኮ፣» አለችኝ፤ በኦሮምኛ «የኔ ስንዱ» ማለቷ ነው፣ «ለዱባለም እኔ ሸጬለታለሁ። ከነገ ጀምሮ ሲጋራ ሱቄ አይገባም።»

አልገባምም። ሲጋራ ያጣ ሰው ዳቦውንም ሳይገዛ ስለሚያልፍ ገበያዋ ቀዘቀዘ፤ እሷ ግን ሳምቡሳ መጥበስ ጀመረች እንጂ አላማረረችም። የቀረው ከትምህርት ቤቱ አጥር ጋር የተጣበቀው ትልቁ ግሮሰሪ ነበር። በማመልከቻዬ ላይ በስም የጠቀስኩትም እሱን ነው። ከኔ ቀጥላ የፈረመችው ድንቅቱ ናት። እርስዎም በትሕትና ተቀብለውን «እናቶቼ፣ ነገሩ ገና በጥናት ላይ ነው፤ ታገሡ» አሉን። እኛም ታገሥን።

አሁን ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፣ ስለ ፍጥነትዎ አመሰግናለሁ። ታኅሣሥ ላይ ተማሪዎቹ፣ አዲስ አበባን ወደ ገበሬው መሬት የሚያሰፋው «ማስተር ፕላኑ ይቅር» እያሉ ከግቢ ወጡ። አስለቃሽ ጭሱ ተተኮሰ፣ ቀጥሎም ጥይቱ። ድንቅቱ ዓይናቸው የነደደ ሴት ተማሪዎችን ሱቋ ውስጥ አስገብታ በሩን ዘጋች፤ ለሽያጭ ባስቀመጠችው የታሸገ ውኃም ዓይናቸውን አጠበችላቸው። ዓመት ሙሉ በጥናት ላይ የነበረው ክልከላም ከዚያ በኋላ ሁለት ቀን አልፈጀበትም። ሠራተኞችዎ ከታጣቂዎች ጋር መጥተው «በትምህርት ቤት አካባቢ ሲጋራ በመሸጥ» ብለው ቆርቆሮዋን ይነቅሉት ጀመር።

ላሟን ትቼ፣ እጄ ወተት እንደሆነ ሮጥኩ። «አንድ ፍሬ ሲጋራ የላትም፤ ፈትሹ!» አልኩ። ሰነድ የያዘው ሰውዎ ደግሞ እያየኝ ፈገግ አለ።

«ማመልከቻውን ያስገቡት እርስዎ አይደሉም እንዴ?» አለና ስሜን እስከ አያቴ ሕዝብ ፊት ጮክ ብሎ አነበበው። ከስሜ ሥር የሰፈረውን የድንቅቱን ፊርማ አላነበበም። እሷ የሳምቡሳ ትሪዋን እንዳቀፈች አየችኝ። በመኪና ጭነው ወሰዷት።

ሁለተኛ፣ ስለ መለኪያ ሜትራችሁ። መንገድ ተሻግሮ የድንቅቱን ሱቅ ያገኘው ሜትር፣ አጥር የተደገፈውን ግሮሰሪ አልደረሰበትም። የባለቤቱ ልጅ ሠርግ ላይ ሙሽሮቹን ሲመርቁ ስላየሁዎት፣ ሜትሩ ለምን እንዳጠረ ለመጠየቅ አልደፍርም።

ሦስተኛ፣ ዛሬ በትምህርት ቤታችን አንድም ተማሪ አያጨስም፤ ተማሪ የለማ። ትምህርት ተዘግቶ ታጣቂዎች በየክፍሉ ሰፈሩ፤ ወተት ላደርስ ስገባ ጥቁር ሰሌዳው ሥር ወለሉ በሲጋራ ቁራጭ ተሸፍኖ አየሁ። ሲጋራውን ከየት እንደሚገዙ ግሮሰሪው ይመስክር። ተማሪን ከሲጋራ ማራቅ እንዲህ ቀላል መሆኑን ማን ያውቅ ነበር?

አራተኛውን ምስጋና መጻፍ ስላልሆነልኝ፣ የሆነውን ብቻ ልንገርዎ።

ጥር ላይ ማስተር ፕላኑ ቀረ ተባለ፤ ድንቅቱ ግን አልተፈታችም። የተመለሰችው ዐቢይ ጾም ከገባ በኋላ ነው። ግራ እጇ አልነሣ ብሏታል። ጾመኛ መሆኗን እያወቅሁ፣ ለበሽተኛ ይፈቀዳል ብዬ ወተት ይዤላት ሄድኩ። ከልጅነታችን ጀምሮ በኦሮምኛ ስናወራ ኖረን፣ ያን ቀን ለእንግዳ በሚነገር አማርኛ «ወይዘሮ ስንዱ፣ ይግቡ» አለችኝ።

«ድንቅቱ፣ እኔ ባንቺ ላይ እንዳልጻፍኩ ታውቂያለሽ» አልኳት በኦሮምኛ።

«አውቃለሁ። አብሬ ፈርሜ የለ?» አለች፤ አሁንም በአማርኛ። «ግን እዚያ በመቱኝ ቁጥር የሚያነቡልኝ የእርስዎን ስም ነበር። አሁን ስሙን ስሰማ ሰውነቴ ይንቀጠቀጣል። ልቤ ያውቃል፤ ሰውነቴ ግን እንቢ አለኝ። አይቀየሙኝ።»

ወተቱን ተቀብላ፣ ዕቃዬን በአንድ እጇ አጥባ ባዶውን ሰጠችኝ። በሳምንቱ ዕቃዋን ጠቅልላ ከሰፈሩ ወጣች። አልተሰናበተችኝም። ወዴት እንደሄደች አውቃለሁ፤ ግን አልጽፈውም፤ መጻፍ ምን እንደሚያመጣ አስተምረውኛልና።

ክቡር ሆይ፣ ዛሬም ሲጋራ ከትምህርት ቤት በር እንዲርቅ እፈልጋለሁ። በዱባለ ሞት የተማርኩትን እርስዎ አላስረሱኝም። ነገር ግን በቀደም የቧንቧ ውኃ ይጠገንልን የሚል ወረቀት ይዤ ሰፈሩን ስዞር፣ ሰው ሁሉ እጁን ጋቢው ውስጥ ደበቀ። አንዲት ጎረቤቴ በሯን ገርበብ አድርጋ «ውኃውስ ከወንዝም ይቀዳል፣ ስንዱ» አለችኝ። እንዲህ ያለ ጸጥታ በከተማችን ስላሰፈኑ እንኳን ደስ ያለዎት።

ዕድሜና ሹመት ይጨምርልዎ፤ ወንበርዎ አይነቃነቅ፤ ልጆችዎም ጎረቤት አይጡ እያልኩ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

የእርስዎ ታዛዥ፣
ስንዱ ቱፋ
ሱሉልታ፣ ግንቦት ፳፻፰ ዓ.ም.

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ የፈረምኩት ብቻዬን ነው፤ ከኔ በታች ሌላ ፊርማ ስለሌለ ሰዎችዎ ለማንበብ አይቸገሩም። በዚህም ምክንያት የሚፈርስ ቤት ካለ፣ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ሰማያዊ በር ያለው የእኔ ነው፤ እባክዎ በዚህ ጊዜ እንኳ ቤት አይሳሳቱ።