የደረጃውን ግራ በኩል የሠሩት ጋሽ ይደርሳል

ሁላችንም ጋሽ ይደርሳል እያልን የምንጠራቸው አናጢ፣ ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው የዛሬ ሰባ አንድ ዓመት ተወለዱ። የመጡት ከተጠበቁበት ቀን ሦስት ሳምንት ዘግይተው ነው። እናታቸው የሰውን ልጅ ሁሉ በሰዓቱ እየተቀበሉ የራሳቸውን ልጅ ግን ደጅ ሲጠኑ እንደነበር ዕድሜ ልካቸውን ያነሱት ነበር።

ትምህርታቸውን በሰፈራቸው ትምህርት ቤት እስከ ስምንተኛ ክፍል ተከታትለዋል። የጠዋት ደወል ሰምተው እንደማያውቁ አብሯቸው የተማረው ታናሽ ወንድማቸው ይመሰክራል። ታናሽየው አብሯቸው ለመማር የበቃውም እሳቸው ክፍል ስለደገሙ ነው።

በአሥራ ሰባት ዓመታቸው ሙያ ሊማሩ አንድ አዛውንት አናጢ ዘንድ ገቡ። እዚህ ላይ ማንም አያማቸውም፤ እጃቸው የተባረከ ነበር። እሳቸው የላጉት ጣውላ ላይ መዳፍ ቢያሳልፉ የሚይዝ ነገር የለም፤ የሠሩት መሳቢያ በአንድ ጣት ይከፈታል። ችግራቸው መጀመሩ ላይ ነበር። ደንበኛ መጥቶ ጠረጴዛዬስ ሲላቸው ይደርሳል ይሉታል፤ በወሩም ይደርሳል ነው። ስማቸው ከዚያ ወጣ።

በሃያ ስድስት ዓመታቸው ዛሬ ከፊት ወንበር የተቀመጡትን ባለቤታቸውን አገቡ። ለሠርጋቸው የጀመሩት አልጋ ሁለተኛ ልጃቸው ስትወለድ ተጠናቀቀ። እስከዚያ ፍራሹ መሬት ላይ ነበር። ባለቤታቸው ሆስፒታል ውስጥ ልብስ አጣቢ ሆነው ሲሠሩ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ይህን የቤተ ክርስቲያናችንን አዳራሽ ያጥቡ ነበር። ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅም አብረው አሳድገዋል፤ አብረው የሚለው ቃል የገባው በባለቤታቸው ፈቃድ ነው።

ወደ መንፈሳዊ አገልግሎታቸው ስንመጣ ነገሩ ትንሽ ማብራሪያ ይፈልጋል። ጋሽ ይደርሳል በጸሎት ሰዓት ይንበረከኩና ግንባራቸውን ወንበሩ ላይ ደፍተው፣ ሌላው ሰው ተነስቶ ከሄደ በኋላም እዚያው ይቀሩ ነበር። ሽማግሌዎች ይህን ልብ አሉ። አንዳንዴም ከወንበሩ በኩል የሚወጣ ዝግ ያለ፣ የሚመላለስ ድምፅ እየሰሙ ይህስ መቃተት ነው ብለው ተደነቁ። ተሰብስበው ተነጋገሩና የጸሎት ክፍሉ ሰብሳቢ አደረጓቸው። ባለቤታቸው ያንን ድምፅ ከሠርጋቸው ሳምንት ጀምሮ ያውቁት ነበር፤ የቤት ገመና ነው ብለው ዝም አሉ።

ሹመቱ ተስማማቸው። አግዳሚ ወንበር ተሰበረ ሲባል ይጸለይበታል፤ የአንዲት መበለት በር አልዘጋ አለ ሲባል ይጸለይበታል። መክሊታቸውን ቀበሩት ማለት አይቻልም፤ የሥራ ቤታቸው ግድግዳ ላይ አስደግፈውት ነበር።

የአዳራሹ መግቢያ ደረጃ ስትገቡ እንዳያችሁት ቀጥ ያለ ነው፤ ዝናብ ሲነካው ደግሞ ሳሙና ይሆናል። ባለቤታቸው ጉልበታቸውን ሲያማቸው የጠየቁት ነገር ቢኖር ባልዲ ይዘው ሲወጡና ሲወርዱ የሚይዙት የእንጨት መደገፊያ ነው። ጋሽ ይደርሳል «ይደርሳል» አሉ። ቀጥለውም ጉዳዩን ለጸሎት ክፍሉ አቀረቡት። ክፍሉ «በደረጃ ላይ ስለሚመላለሱ እግሮች» የሚል ርዕስ አውጥቶ በየሳምንቱ ሲጸልይ ሁለት ዓመት አለፈ። ለመደገፊያው የሚሆነው እንጨት በዚያ ሁሉ ጊዜ ሥራ ቤታቸው ውስጥ አቧራ ይጠጣ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት የጸሎት ክፍሉ አዳራሹ ውስጥ ስለ እግሮች ሲጸልይ፣ ባለቤታቸው ውጭ ወደቁ። ባልዲው እስከ ታች እየተንኳኳ ወረደ። ሁሉም ሮጦ ወጣ፤ ሰብሳቢው ሲቀሩ። እሳቸውን ገብቶ የቀሰቀሳቸው ጥበቃው ነው።

ባለቤታቸው ዳሌያቸው ተሰብሮ፣ አንሶላውን ሲያጥቡ በኖሩበት ሆስፒታል ተኙ። ሐኪሙ ከእንግዲህ የሚይዙት ነገር በሌለበት ደረጃ እንዳይወጡ ከለከላቸው። ደረጃ ካልወጡ ከዚህ አዳራሽ ቀሩ ማለት ነው፤ የቀረውን ሁሉ ችለው ያለቀሱት ለዚህ ነው። ጋሽ ይደርሳል አልጋው አጠገብ ቆመው፣ ክፍሉ ልዩ ጸሎት ሊይዝላቸው እንደሆነ ነገሯቸው። ባለቤታቸው ፊታቸውን ጠርገው ዞሩ።

«አንተ ሰውዬ፣ እግዜር እጅ ሰጥቶሃል፣ መጋዝ ሰጥቶሃል። ሌላ ምን እንዲልክልህ ነው የምትለምነው?»

ጋሽ ይደርሳል በማግስቱ እሑድ ወደ መድረክ ወጥተው፣ እስከዛሬ ተንበርክከው የቆዩት ሲጸልዩ ሳይሆን ሲተኙ እንደሆነ ለምእመናኑ ተናገሩ። ምእመናኑ በትሕትናቸው ልባቸው ተነካ። አንዳንዶች አለቀሱ። ሽማግሌዎችም ራሱን እንዲህ ዝቅ የሚያደርግ ሰው ከወዴት ይገኛል ብለው የሰብሳቢነት ዘመናቸውን አራዘሙላቸው።

ሰኞ ጠዋት መጋዛቸውን ይዘው መጡ። ከክፍሉ አባላት ሁለቱ የመዶሻው ድምፅ ጸሎት ይረብሻል ሲሉ ቅሬታ አቀረቡ። ጋሽ ይደርሳል ቅሬታውን በአክብሮት አዳምጠው፣ እጸልይበታለሁ አሉና ምስማራቸውን መምታት ቀጠሉ።

ባለቤታቸው ከሆስፒታል ወጥተው የመጡ ዕለት የግራው መደገፊያ ቆሞ ነበር። እንጨቱን ሳይለቁ እስከ ላይ ወጡ። ከላይ ሲደርሱ እጃቸውን ከሥር አስገብተው፣ ዓይን የማያየውን በኩል ዳሰሱት። እሱም ተልጓል፤ በብርጭቆ ወረቀትም ተፈትጓል። ገብተው ቦታቸው ላይ ተቀመጡ።

ከዚያ ወዲህ ባሉት ዘጠኝ ዓመታት ጋሽ ይደርሳል የመበለቲቱን በር ገጥመዋል፤ ዛሬ የተቀመጣችሁባቸውን አግዳሚዎች ጠግነዋል። ትጉህ ሆኑ ብሎ መጻፍ ግን ማጋነን ነው፤ ባለቤታቸውም አይፈርሙበትም። ያው ይዘገዩ ነበር፤ ልዩነቱ መድረሳቸው ነው። ጸሎታቸውን ግን ቆመው ማድረግ ጀመሩ፤ አጠር ያለችም ነበረች።

ባደረባቸው የሳንባ ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ባለፈው ማክሰኞ ማለዳ በቤታቸው ዐርፈዋል። ሳጥኔን ራሴ እሠራለሁ ብለው ነበር። አልደረሰም፤ ይህ የተገዛ ነው። ማጠፊያውን ቢያዩት ኖሮ አይወዱትም ነበር።

ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውን፣ አምስት የልጅ ልጆቻቸውንና የደረጃውን ቀኝ በኩል ትተውልናል። በቀኝ በኩል ቋሚዎቹ ተተክለዋል፤ እንጨቱም ተልጎ የሥራ ቤታቸው ውስጥ አለ። መዶሻ የሚይዝ ሁሉ ቅዳሜ ጠዋት ይምጣ። እንጸልይበታለን የሚል ካለ ባለቤታቸው ደረጃው ላይ ተቀምጠው ያነጋግሩታል። አሁን አስከሬኑን ተከትላችሁ ስትወጡ የግራውን መደገፊያ ያዙ።

ጌታ ለነፍሳቸው፣ ሠርቶ የደከመ ሰው የሚያርፈውን ዕረፍት ይስጣት። ሌላውን ዓይነት ዕረፍት እዚህ ጠግበውታል።